ሰባት ዓመት ያልበቃው መቃብር

ቤተ ክርስቲያናችን ከሸዋሮቢት ወደ ጀውሃ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የመቃብር ቦታው ሞልቷል። ስለዚህ ሰባት ዓመት ያለፈው መቃብር ይከፈትና፣ አጥንቱ ወደ ጎን ተሰብስቦ ሌላው ዘመድ እዚያው ይቀበራል። የእድሩን ቆፋሪዎች የማዘው እኔ ነኝ፤ ብዙ ከፍቻለሁ። ላይኛው በኩል አሸዋማ ስለሆነ በሰባት ዓመት ከአጥንት በቀር የሚተርፍ የለም።

አምና የባለቤቴ ወንድም ሞተ። ያኔ እሷ ካረፈች ስምንት ዓመቷ ነበር፤ የተቀበረችው ግን ታችኛው በኩል፣ መረሬው ጥቁር አፈር ውስጥ ነው። ታች በኩል ተከፍቶ አያውቅም። እኔ ግን “እህቱ ናት፣ እሷ ላይ ይቀበር” አልኩ።

ጎረቤቴ ሙስሊም ነው፤ ለቀብር ቁፋሮ ሁሌም አብሮን ይወጣል። ዶማውን ተክሎ ቆመ።

“ጋሼ፣ ይሄ ይቅርብዎ።”

“ለምን ይቀራል?”

“ማሽላዎን የት ነው የሚቀብሩት?”

“መረሬ ውስጥ ነዋ!”

“ለምን?”

“እንዳይበላሽ።”

“እንግዲያ?”

“ሰውና ማሽላ አንድ አደረግከው? ቆፍር!”

“ወላሂ፣ እኔ የለሁበትም” አለና ቆፈረ።

ወገባችን ድረስ ስንወርድ አፈሩ ረጠበ፤ አካፋው ላይ እንደ ሊጥ ተጣበቀ። ከዚያ የተጠቀለለችበት ሰሌን ብቅ አለ። ከእግሯ በኩል እኔው ያሰርኩት ገመድ ከነቋጠሮው አለ። ሰሌኑን በአካፋው ጫፍ ነካ አደረግኩት። አልጎደጎደም፤ ገላዋ ሳይፈርስ ሙሉ ነው።

አርባ ዓመት አብራኝ የኖረችውን ሴት ፊቷን እንዳላይ ዓይኔን ጨፈንኩ።

“መልሱት!” አልኩ። ጎረቤቴ እጄን ይዞ ጎትቶ አወጣኝና አፈሩን መለሰው።

ለቅሶው ከመንገድ በኩል እየቀረበ ነበር። አስከሬኑ ደጀ ሰላም እንዲቆይ አደረግንና ላይኛው በኩል የአባቴን መቃብር ከፈትን። እዚያ አጥንት ብቻ ነበር። ቦታውን ለራሴ ነበር ያሰብኩት፤ ለእሱ ሰጠሁት።

ታችኛው በኩል እንዳይከፈት ለሰበካ ጉባኤው ነግሬ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ በገዛ እጄ ፈረምኩ። አሁን ለእኔ የቀረኝ ከሚስቴ ጎን ያለችው ጠባብ መሬት ናት። ያቺ መሬትም መረሬ ናት። ከዚያን ቀን ወዲህ፣ እዚያ ሳልፈርስ እንደምቆይ ማሰቡ አልተወኝም።

ዘንድሮ የማሽላ ጉድጓዴ ሲከፈት እኔ አልወረድኩም። ጎረቤቴ ገብቶ አንድ እፍኝ አወጣና፣ ደስ ብሎት ወደ እኔ ዘረጋው።

“እዩት ጋሼ! ያው እንዳስገባነው ነው።”

አልነካሁትም።