እስከ ካርቱም የሚዘልቅ ችካል

ኅዳር ዘጠኝ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። መተማ፣ በቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የልጅ ልጄ የፊዚክስ የቤት ሥራዋን በስልኳ ስትሠራ እመለከታለሁ። ጥያቄው አንድ የብርሃን ዓመት ስንት አንግስትሮም ይሆናል የሚል ነው፤ አንግስትሮም በአቶም መጠን ልክ የተቆረጠች ኢምንት የርዝመት መለኪያ ናት። ልጅቷ ስልኩን ነካ አደረገችና «ዘጠኝ ነጥብ አራት ስድስት፣ ኢ፣ ሃያ አምስት» ብላ ጻፈች።

«ኢ ምንድን ነው?» አልኋት።

«እኔ እንጃ አባባ፣ ስልኩ ነው ያለው። ትክክል ነው እኮ!»

ኢዋ «በአሥር ሃያ አምስት ጊዜ አባዛ» ማለት ናት፤ ያበገነኝም መልሱ ትክክል መሆኑ ነው። ከአቶም እስከ ከዋክብት ያለውን መንገድ በአንድ ጣት ተሻገረችው፤ የት እንደደረሰችም አልጠየቀችም። ከጎረቤት መጋዘን የአዲስ ሰሊጥ ሽታ ይመጣ ነበርና፣ ቁጣዬን ይዤ በሐሳቤ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ሳይንስ መምህራችን ወደ መምህር ይርዳው ሄድሁ።

ትምህርት ቤታችን በከተማው ዳር፣ ከሰሊጥ ማሳዎች ጋር የሚዋሰን የቆርቆሮ ቤት ነበር። መምህር ይርዳው ከጎጃም የመጡ፣ ሸሚዛቸውን በዚያ ሁሉ ሙቀት እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ፤ መለኪያው ያልተጻፈበት ቁጥር ባዩ ቁጥር «አሥራ ሁለት ምን? አሥራ ሁለት ፍየል?» እያሉ ጠመኔ ይወረውሩብን ነበር። መለኪያ መለወጥ ዜሮ መደርደር ብቻ መስሎ እንዳይታየን፣ አንዲት ዜሮ ስትጨመር መንገዱ ምን ያህል እንደሚረዝም በእግራችን እንድናውቀው ይፈልጉ ነበር።

ስለዚህ አንድ ቀን መሬትን ሰሊጥ አሳከሏት። በዚያ ልክ ፀሐይ ትንሽ ቅል ሆነች፤ ቅሉን ከቤቱ ያመጣው ራሱ ርእሰ መምህሩ ነበር፣ ሳቅ እያለም በባንዲራው ምሰሶ ሥር አስቀመጠው። ከቅሉ አሥራ ሁለት ሜትር ያህል ርቀን ችካል ተከልንና ጫፉ ላይ አንዲት ሰሊጥ በሰም ለጠፍን፤ ጁፒተርን ሽምብራ አድርገን፣ ኔፕቱንን የማሽላ ፍሬ አድርገን፣ ከአጥር ወጥተን፣ ታጭዶ እንዲደርቅ ተደግፎ የቆመውን የሰሊጥ ነዶ፣ ሂላውን፣ እየዞርን፣ ላባችን እየተንጠፈጠፈ እስከ ትምህርት ቤቱ ጎረቤት እስከ ገበሬው አያ ፈንታ ማሳ ድረስ ቸከልን። ከፀሐይ ቀጥላ ያለችው ቅርቧ ኮከብስ የት ትተከል? መምህራችን ከድንበሩ ማዶ ባለችው በጋላባት በኩል ወደ ሱዳን እጃቸውን ዘርግተው «የእሷን ችካል ካርቱምን አልፎ፣ ግብፅን አልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ ቱርክ አገር የሚተክልልኝ ማነው?» ሲሉ ሳቅን። እኔ ግን ያን ጊዜ የሰማይ ስፋት በእግሬ ጫማ ሥር ሲያቃጥለኝ ተሰማኝ።

ወሬው ገበያ ሲደርስ ኮከቧ ጠፍታ ችካሉ ብቻ ቀረ፤ አስተማሪው መሬት እየቀየሰ ነው፣ ችካሉም ካርቱም ድረስ ይዘልቃል ተባለ። በእኛ አገር ይህ ቀልድ አይደለም። ከዚያ በፊት ቀያሾች ችካል ተክለውበት የሄዱት ማሳ ሁሉ ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ ለባለ ትራክተር ተሰጥቶ ነበር። በማግስቱ አያ ፈንታ ኔፕቱንን ነቅሎ በትከሻው ተሸክሞ፣ ጎረቤቶቹን አስከትሎ ግቢያችን ገባ።

«አንተ አስተማሪ! ማሳዬን ለማን ልትሰጠው ነው የቸከልኸው?»

«አያ ፈንታ፣ ይረጋጉ። ጫፉ ላይ ያለችው ማሽላ ሩቅ ያለች ዓለም ናት። መሬት ያቺ ማዶ ያለችው ሰሊጥ ናት።»

«መሬት ሰሊጥ አከለች?»

«በዚህ ልክ ስናሳንሳት፣ አዎን።»

«ሰማችሁ? መሬታችንን ሰሊጥ አሳክሎ ነው ለመንግሥት የጻፈው! የእኔስ እርሻ ከሰሊጧ በየትኛው ጎን ነው? ወይስ ለእኔ አልተረፈኝም?»

ሰዉ አውካካ። መምህር ይርዳው ሊያስረዱ ሞከሩ፤ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ሜትርና ኪሎ ሜትር ይወጣል፣ ሜትር በተባለ ቁጥር ሰዉ ይብስ ይቆጣል።

በአያ ፈንታ ዛሬም አልፈርድበትም፤ ችካል አይቶ መፍራቱ ልክ ነበር። የምፈርደው በርእሰ መምህሩ ነው። የወረዳው ሹም መጥቶ «ይህን ነገር አንተ ታውቃለህ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ቅሉን በገዛ እጁ ያስቀመጠው ሰውዬ «እኔ አላየሁም» አለ። አንዲት ቃል፣ «ትምህርት ነው» የምትል፣ ትበቃ ነበር። ይህን ያህል ዘመን ኖሬ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ወጥቼ፣ ከዚያች ክህደት የሚከፋ ድንቁርና አላየሁም፤ ምክንያቱም የሚያውቅ ሰው ድንቁርና ነበረች።

መምህር ይርዳው «ለሰላም ሲባል» በሚል ወደ ሌላዋ የቆላ ከተማ ወደ ገለጉ ተዛወሩ፤ ጭነት መኪና ላይ ከጆንያዎች ጋር ተሳፍረው ሲሄዱ የሸሚዛቸው ቁልፍ እስከ አንገታቸው ተቆልፎ ነበር። የተተኩት መምህር የመለኪያ ሰንጠረዡን ከመጽሐፍ እያነበቡ «ጻፉ» አሉን፤ ጻፍን። ፈተናውንም አለፍን።

የቀረው የትምህርቱ ግማሽ ነው። ወደ ላይ ወደ ከዋክብት ወጥተን ነበር፤ በቀጣዩ ሳምንት ደግሞ ከሰሊጧ ወደ ውስጥ፣ ወደ አቶም ልንወርድ ነበር። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ራሴ አሰላሁት፤ አንዲት አቶም ሰሊጥ እስክታክል ብትተልቅ፣ ሰሊጧ ራሷ በዚያው ልክ አሥር ኪሎ ሜትር ትወፍራለች። ሒሳቡ ትክክል ነው፣ እግሬ ግን አያውቀውም። መምህር ይርዳው ለዚያ ትምህርት ያዘዙን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ባዶ እጃችሁን ኑ» ብለውን ነበር። በባዶ እጅ ምን ሊያሳዩን አስበው እንደነበር፣ ከገለጉም ወዴት እንደሄዱ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።