ከግራ ጥግ የጠፋው ስታርት

ኮምፒውተር የተማርሁት ያለ ኮምፒውተር ነው። ጉና ሥር ያለው ትምህርት ቤታችን ያኔ መብራት ስላልነበረው መምህራችን ጥቁር ሰሌዳውን ስክሪን ያደርገው ነበር። ጠርዙን በነጭ ጠመኔ ያሰምርና ከግራ ታች ጥግ ላይ አንዲት አረንጓዴ ሳጥን ሥሎ «ስታርት» ብሎ ይጽፍባታል። ተራ የደረሰው ተማሪ ወጥቶ ሳጥኗን በጣቱ ይነካል፤ መምህራችንም ከላይዋ የሚከፈተውን ዝርዝር ቶሎ ቶሎ ይሥላል። ብርዱ ጣት በሚያደነዝዝበት ቀን እንኳ ይህ ክፍለ ጊዜ እንዲያልፈኝ አልፈልግም ነበር። መንገዱን ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝሁት። በፈተናም ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ።

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የኮምፒውተር መግቢያ ኮርስ ስንጀምር፣ አንድ የተሻለ ተማሪ አምስቱን ይዞ እንዲያስጠና አንድ ለአምስት ተደራጀን። መምህሩ «ከሁለተኛ ደረጃ በኮምፒውተር ጥሩ ውጤት ያመጣ ማነው?» ሲሉ እጄን አወጣሁ። የደረሱኝ አምስቱም የገጠር ልጆች ናቸው። አንዱ ከጋፋት በኩል የመጣ ዲያቆን ነው፤ ቀልድ ይወዳል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ «አለቃ» ይለኝ ጀመር። ወሩ ሲያልቅ የተግባር ፈተና አለ፤ የወደቀ ኮርሱን ይደግማል። አምስቱም እኔን አምነው ተቀመጡ።

በመጀመሪያው ቀን ላብ ወደምንለው የኮምፒውተር ክፍል ገብተን ኮምፒውተሩ ሲበራ ዓይኔ ወደ ግራ ጥግ ሮጠ። ኮምፒውተሮቹ አዲስ ናቸው፤ የሚሠሩበትም ሲስተም አዲስ ነው። ስታርት የሚል ቃል የትም የለም። ከታች መካከል ላይ ስም የሌላቸው ትናንሽ ሥዕሎች ተደርድረዋል።

«አለቃ፣ ምን ልንካ?» አለ ማውዙን የያዘው ዲያቆን።

«ስታርትን። ከግራ ታች።»

«ከግራ ታች ያለው የደመና ሥዕል ነው።»

«እንግዲያው ደመናውን ንካው።»

ነካው። የዓለም ወሬ ስክሪኑን ሞላው፤ ኳስ ተጫዋች፣ የመኪና ማስታወቂያ፣ የማናውቀው አገር ጎርፍ።

«ይኼ ሁሉ መምህርህ ሰሌዳ ላይ ነበር?» አለኝ ዲያቆኑ፤ በሰሌዳ እንደተማርሁ አጫውቼው ነበር። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ለመሳቅ ሞከርሁ።

ሰዓቱ ሲያልቅ ደግሞ ማጥፋቱ መጣ። በእኔ ትምህርት ኮምፒውተር የሚጠፋው በስታርት በኩል ነው። ስታርት ከሌለ በምን ይጠፋል? ሌሎቹ ቡድኖች ወጥተዋል። የላቡ ኃላፊ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው፣ የበሩን ቁልፍ ይዘው አጠገባችን ቆሙ።

«ልጆች፣ እዚሁ ልታድሩ ነው?»

«ትንሽ ይታገሡን ጋሼ፣ ማጥፊያውን እየፈለግሁ ነው።»

«ለመሆኑ መሪያችሁ ማነው?»

አምስቱም ወደ እኔ ዞሩ። ኃላፊው ሳቅ ብለው ራሳቸው አጠፉት። እጃቸው ፈጣን ስለሆነ የት እንደነኩ አላየሁም፤ ለመጠየቅም አፈርሁ።

ወደ መኝታ ክፍላችን ስንሄድ ዲያቆኑን ለብቻው አገኘሁትና «ነገ ሌላ መሪ ይመደብላችሁ ብዬ ለመምህሩ እነግራለሁ» አልሁት።

«ምን ሆንህ?»

«የማውቀው ሁሉ ተቀየረ። እናንተንም ይዤ ልወድቅ ነው።»

«እኔ ፊደል ስቆጥር» አለ፣ «ሀሁን ከላይ እስከ ታች እንደ ውኃ አወርደው ነበር። ያወቅሁ መሰለኝ። የኔታ ግን አቡጊዳን አመጡብኝ። ፊደሎቹ እነዚያው ናቸው፤ ተራቸው ግን ተበታትኗል። በስንደዶ አንዱን ጠቁመው 'ይህ ማነው?' ሲሉኝ ጥፍት! ለካ በቃሌ ይዤው እንጂ ፊደሉን አይቼው አላውቅም።»

«ታዲያ ምን አደረግህ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ እያንዳንዱን እያየሁ ተማርኋ። ይኼም አቡጊዳ ነው በለው። ነገ ምንም አንንካ። እንቁጠረው።»

በማግሥቱ ዲያቆኑ ማውዙን ይዞ የስክሪኑን ቀስት ከአንዱ ሥዕል ላይ አሳረፈና እጁን ከመጫን ገታ። «ይህ ማነው?» አለ እንደ የኔታ ድምፁን አወፍሮ። ጥቂት ቆይቶ ከሥዕሉ በላይ ስሙ በትንሽ ጽሑፍ ብቅ አለ። እኔ ይህን ከቶ አላውቅም ነበር፤ በጠመኔ የተሣለ ሳጥን ጣት ቢያርፍበት ስሙን አይናገርምና። ቀስቱ ወደ አራቱ ሰማያዊ ካሬዎች ሲደርስ «ስታርት» የሚል ቃል ወጣ። ስድስታችንም በአንድ ድምፅ ጮኽን። ኃላፊው ምን ተሰበረ ብለው መጡ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀለለን። ስሙ ብቅ ሲል ምን እንደሚሠራ የምነግራቸው እኔ ነበርሁ። ማስቀመጫውን፣ ማተሚያውን፣ መቅጃውን ሁሉንም በስም አውቃቸዋለሁ፤ ቤት ቀይረውብኝ ነበር እንጂ። ልጆቹ በተራ ይጠቁማሉ፣ ሌላው ይገምታል፣ የተሳሳተ እንደገና ይቆጥራል። መሪ ይቀየር የሚለውን ነገር ለመምህሩ ሳላነሣው ቀረሁ።

የፈተናው ቀን ጠዋት ኮምፒውተሮቹ ራሳቸውን አድሰው ቆዩን። ሥዕሎቹ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ አንዳንዶቹ መልካቸውም ሌላ ሆኗል። ክፍሉ አጉረመረመ። አንገቴን አቅንቼ አምስቱን ልጆች ፈለግሁ። አንዳቸውም ወደ እኔ አላዩም። ቀስታቸውን ከሥዕል ሥዕል እያሳረፉ ስም ሲጠብቁ አየሁ። እኔም ወደ ራሴ ስክሪን ተመለስሁ።

የታዘዝነው ስለ ራሳችን አንድ አንቀጽ በአማርኛ ጽፈን፣ አስቀምጠን፣ እንድናትም ነበር። ስድስታችንም አለፍን። ዲያቆኑ የወጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ በእጁ ወረቀት ይዟል።

«ወረቀቱን ለመምህሩ አላስረከብህም?» አልሁት።

«አስረክቤያለሁ። ማተሚያውን ሳገኘው ደስ ብሎኝ ሁለቴ ነካሁት። ይችኛዋን ለእናቴ እወስዳታለሁ።»

«እናትህ ማንበብ ይችላሉ?»

«አይችሉም» አለና ወረቀቱን እንዳይታጠፍ በደብተሩ መካከል አስገባ። «ቁጭ ብዬ አነብላቸዋለሁ።»