በሎሚ የታጠበው ሳንባ

የበግ ሳንባ በበረዶ ሣጥን ይዤ ስወጣ የሸጎሌው አራጅ ሁልጊዜ «እማማ፣ ለመሆኑ ስንት ድመት ነው ያለዎት?» ይለኝ ነበር። እስቅ ነበር እንጂ እውነቱን ብነግረው መች ያምነኛል!

ያኔ ጉለሌ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ላቦራቶሪ ጠርሙስ አጣቢ ነበርኩ፤ ሳንባ ማምጣቱም የእኔ ሥራ ነበር። ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር አላለፈም፤ የቀረውን በዕድሜ ልጄ ከምትሆን ዶክተር ጀርባ ቆሜ እያጮለቅሁ የለቀምኩት ነው። ለንቅለ ተከላ የወጣ ሳንባ ሌላ ሰው ውስጥ እስኪገባ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ታጥቦ ይቆያል። ውስጡ ግን ነጭ የደም ሴሎች ይቀራሉ። ፈሳሹ ካልተስማማቸው ይሞታሉ፤ ወይም ይቆጡና አዲስ ደም ሲደርሳቸው ሳንባውን ራሱን ይጎዱታል። ዶክተሯ ሁለት ፈሳሾችን በበግ ሳንባ ላይ እየሞከረች የትኛው ሴሎቹን በደህና እንደሚያቆይ ትፈትሽ ነበር።

አንድ ጠዋት ዘገየች። ሳንባው ደም በደም ሆኖ ሳየው አላስችል አለኝ። በቃ፣ በሎሚና በጨው፣ የደም ሥሩ ሳይቀር፣ ውሃው እስኪጠራ አጠብኩት! እንዴት ኮራሁ መሰላችሁ። ዶክተሯ መጥታ ከሳንባው የወጡ ሴሎች ላይ ቀለም ጨምራ በማይክሮስኮፕ አየች። በሕይወት ያለ ሴል ቀለም አያስገባም፤ የሞተው ሰማያዊ ይሆናል። ያን ቀን ሁሉም ሰማያዊ ነበር።

«እትዬ፣ ዶሮ መሰለዎት እንዴ?» አለችኝ። ሳቀች፤ ግን ከዚያ ወዲያ ሣጥኑን ከማምጣት በቀር ሳንባ አላስነካችኝም።

ሴል የሚቆጥርላት ባለሙያ ሥራ ሲለቅ እንደምንም ደፍሬ «ዶክተርዬ፣ እኔ ልቁጠር» አልኳት።

«በሎሚ?»

«በዓይኔ!»

«እሺ፣ አንድ ናሙና ለየብቻ እንቁጠር። ከተቀራረብን ወንበሩ የእርስዎ ነው። ካልሆነ ግን ወደ ጠርሙስዎ።»

ማይክሮስኮፑ ፊት ተቀመጥኩ። በመስታወቱ ውስጥ የተበተኑትን ሴሎች ሳይ ልቤ ረጋ፤ ስንት ዓመት ምስር ከጠጠር የለየ ዓይን ነው! ወረቀታችንን ገለጥን። እሷ ሰማያዊ ዘጠኝ፣ እኔ ስምንት።

«አንድ ዘለሉ፣ እትዬ።»

«አልዘለልኩም። ጥግ ላይ ያለችው ጉድፍ ናት፤ ጠርዟን እዪው።»

ጎንበስ ብላ አየች። ቀና ስትል ፊቷ በርቷል። «እውነትም ጉድፍ ናት!» ብላ የራሷን ዘጠኝ ሰርዛ ስምንት ጻፈች፤ ወንበሩንም በእግሯ ወደ እኔ ገፋችው።

የጎማ ጓንቴን የዚያኑ ዕለት ሰቀልኩት። የሙከራውን ሳንባ ሁሉ እስከ መጨረሻው የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ሁለተኛው ፈሳሽ ሲበልጥም ቀድሜ ያየሁት እኔው።

ያን ባየሁ ማግስት አራጁ «እማማ፣ ድመቶቹ እንዴት ናቸው?» አለኝ።

«አብዛኞቹ በሕይወት አሉ!» ብዬው ሣጥኔን አንግቤ ታክሲ ገባሁ።