የእትዬ ካሊዮፒ እርግማን

እንግዶች ወደ ግሪክ ደሴታችን ናክሶስ የሚመጡት ለባሕሩ፣ ለጥንቱ ግንብና ለእትዬ ካሊዮፒ የኦክቶፐስ ጥብስ ነው። እኔ ኒኪፎሮስ በበጋ ለእነሱ ጃንጥላ አከራያለሁ። እነሱ ሲሄዱ ደግሞ የመንደሩን መቃብር እቆፍራለሁ፣ ጊዜው ሲደርስም እከፍታለሁ። ጀርባቸውን ዘይት ተቀብተው ከሚጋደሙት መካከል ይህን የሚያውቅ የለም። ቢያውቁማ ጃንጥላውን ሌላ ሰው ይትከልልን ይሉ ነበር።

መቃብራችን ጠባብ ስለሆነ ሟች አምስት ዓመት ብቻ ይተኛበታል። ከዚያ አጥንቱ ይወጣል፣ ሴቶቹ በወይን ጠጅ ያጥቡታል፣ በሳጥን ተደርጎም ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ካለችው ክፍል ይገባል። አጥንቱ ነጭ ሆኖ ከወጣ ነፍሱ አርፋለች ማለት ነው። ሥጋው ሳይፈርስ ከተገኘ ግን ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ማን ረገመው?

ሳራንቲስን ማን እንደረገመው መጠየቅ አላስፈለገም። ታላቅ እህቱ እትዬ ካሊዮፒ ሲረግሙት አርባ ሰው ሰምቷል።

ጠቡ የመጣው ከርስት ነው። ድሮ እኛ ዘንድ ጥሩው መሬት፣ ተራራው ላይ ያለው የወይራ እርከን፣ የወንድ ልጅ ነበር። ለፍየል እንኳ የማይሆነው የባሕር ዳር አሸዋ ለሴት ልጅ ይጣልላታል። ለእትዬ ካሊዮፒም የደረሳቸው እሱ ነው፤ መንደሩ ሁሉ ሳቀባቸው። በኋላ እንግዶች መምጣት ጀመሩ፤ አሸዋው ወርቅ ሆነ፣ ባለወይራዎቹ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። እሳቸው አሸዋው ላይ አራት ጠረጴዛ ዘርግተው ድንችና ኦክቶፐስ እየጠበሱ መሸጥ ያዙ። አራቱ ጠረጴዛ አርባ ደረሰ።

አንድ እሑድ በምሳ ሰዓት ሳራንቲስ ወርዶ በተመጋቢዎቹ መካከል ቆመ። «አባታችን ሊሞት ሲል የባሕሩን ዳር ግማሽ ለእኔ ብሎ ነበር፤ በወንጌል እምላለሁ» አለ። እትዬ ካሊዮፒ ከመጥበሻው ቀና አሉና «በሐሰት ምለሃልና አፈር አይብላህ» አሉት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሳራንቲስ ከዚያ ወዲያ ወደ ባሕር አልወረደም፤ በአራተኛው ዓመት ወይራ ሲያራግፍ ልቡ ቀጥ አለ። ጓደኛዬ ነበር። ካርታ ስንጫወት ያጭበረብረኛል፤ ከዚያ ውጭ ግን ውሸት አላውቅበትም።

በአምስት ዓመቱ ከፈትኩት። ፊቱን ለይቼ አወቅኩት፤ ከዚህ በላይ አልናገርም። ልጁ ሚርሲኒ ወይን ጠጁን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አፈሩን መለስኩበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሜ ብከፍተው ያው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጃንጥላ ስተክል ከአሸዋው ሥር ጠንከር ያለ ነገር በነካኝ ቁጥር ጃንጥላውን ነቅዬ ሌላ ቦታ እተክል ጀመር። ሠላሳ ዓመት ስቆፍር ኖሬ ፈራሁ።

ያኔ እትዬ ካሊዮፒ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷቸው፣ እግራቸውም አብጦ ነበር። እሳቸው ሳይፈቱት ከሞቱ የሚፈታው የለም። መፍቻው ቀላል ነው፤ የረገመው ሰው ጨው በውሃ አሟሙቶ «ጨው እንደሟሟ እርግማኔም ይሟሟ» እያለ መቃብሩ ላይ ያፈስሳል። ሚርሲኒ ይህን ልትለምን ስትወርድ እኔም ተከተልኳት።

«አክስቴ፣ ቅዳሜ ለሦስተኛ ጊዜ ሊከፈት ነው» አለች።

«ይሄ ኒኪፎሮስ ሌላ ሥራ የለውም?»

«ክረምት ነዋ እትዬ። ጃንጥላ የሚከራይ ከየት ይምጣ?» አልኩ።

«ለራስህ ትከልና ተኛበታ።»

ሚርሲኒ አልሳቀችም። «የምለምንሽ አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። ጨው እንደሆነ ቤትሽ ሞልቷል።»

እትዬ ካሊዮፒ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «በሕልሜ ይመጣል» አሉ። «ከጠረጴዛዬ ይቀመጥና ምግብ ያዛል። አቀርብለታለሁ፤ አይቀምሰውም።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በከዘራ እየተደገፉ ዳገቱን ወጡ። መቃብሩ ራስጌ ቆመው በብርጭቆው ውሃ ጨውን በጣታቸው አማሰሉ። እኛ ቃሉን እንጠብቃለን።

«እኔ ይቅር የምለው ነገር የለኝም» አሉ።

ሚርሲኒ ብርጭቆውን ልትቀማቸው እጇን ሰነዘረች።

«ቆዪ። አባታችን ሲሞት ከአልጋው አጠገብ እኔም ነበርኩ። ግማሹን ለሳራንቲስ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አባትሽ አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።» ውሃውን አፈሰሱ፣ ቃሉንም አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «እሱ አይመልስልኝም። አንቺ ይቅር በዪኝ፣ ሚርሲኒ።»

ሚርሲኒ ፊቷን አዙራ የወይን ጠጁን ከፈተች። እኔም የማደርገው ቢጠፋኝ ቆፈርኩ። አጥንቱ ነጭ ሆኖ ወጣ። የተማረ ሰው ዝናቡ በዝቶ ነው ይል ይሆናል፤ ይበል። ሚርሲኒ በወይን ጠጁ አጥባ የራስ ቅሉን በጨርቅ ያዘችው። እትዬ ካሊዮፒ ሊስሙት ጎንበስ ሲሉ ወደ ደረቷ ሳበችው።

«አባቴን ሁለቴ መልሰን ስንቀብረው አንቺ ድንች ትጠብሺ ነበር» አለቻቸውና ጥላቸው ሄደች።

እትዬ ካሊዮፒ ፋሲካን አላዩም። እስኪሞቱ ድረስ ባዩኝ ቁጥር «ሚርሲኒ ምን አለች?» ይሉኛል። «እስካሁን ምንም» እላለሁ። እንዲያው ዋሽቼ «ይቅር ብላዎታለች» ብላቸው ኖሮ ምን ነበረበት? እስከዛሬ ይቆጨኛል። ልጅ ስላልነበራቸው ምግብ ቤቱ ለሚርሲኒ ሆነ፤ እንግዶቹም ሙያው አልተለወጠም እያሉ ይበላሉ።

ዘንድሮ እሳቸውም አምስት ዓመት ሞላቸው። ባለፈው ሳምንት የሚከፈትበትን ቀን ልነግራት ሄድኩ። ኦክቶፐሱን ገመድ ላይ እያሰጣች ነበር።

«አክስቴን አትክፈታት፣ ጋሽ ኒኪፎሮስ።»

«ቦታ የለማ፣ ልጄ። ወረፋ አለ።»

«እኔ ስሞት የሚደርሰኝን ቦታ ስጣት።»

«ለምን?»

እጇን በሽርጧ ጠረገች። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«ይቅር አላልኳትም» አለች። «በየቀኑ እሞክራለሁ፤ አልወጣ አለኝ። ካልፈረሰች በእኔ ነው።»