ያላቃጠልኩት ወረቀት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፣ ለባሌም አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ ጾም ስለመግደፌ፣ ሰው ስለማማቴ ስንቱን ስዘረዝርላቸው ኖሬ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬዋለሁ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። ውሸት ነው። እኔ የጠላ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ብቅል ሳሰጣ ነው ያደግኩት፤ አንድም ቀን አላወጣውም። አሁንም የምናገረው ሆዴ ባብቶ እንዳይመስላችሁ። አርጅታ ሞት ፈርታ ነው የምትሉም ካላችሁ ተሳስታችኋል። እኔ በሠራሁት ሥራ ሰፈሩ የሞተ ሰው ሲወቅስ ከአርባ ዓመት በላይ ሰማሁ፤ መስማቱ አንገሸገሸኝ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሰረቅኩ፣ ዋሸሁ፣ ዝም አልኩ።

የሰረቅኳቸው ሰው ሚስተር አለን ይባላሉ። ኮልፌ፣ ከእኛ ግቢ በቆርቆሮ አጥር ብቻ የሚለዩ ጎረቤታችን ነበሩ። ያኔ እንግሊዝ ትገዛት ከነበረች ባርቤዶስ ከምትባል የካሪቢያን ደሴት በወጣትነታቸው መጥተው፣ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው፣ እዚሁ አግብተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ከአንዲት ልጃቸው ከሩት ጋር ይኖሩ ነበር። ሩትና እኔ እኩያ ነን። አማርኛቸው ከነሽሙጡ የኮልፌ አማርኛ ነው፤ ሲናደዱ ብቻ እንግሊዝኛው ያመልጣቸዋል።

ሚስተር አለን የደሴታቸውን የድሮ ፖስታዎች ይሰበስቡ ነበር። ቴምብሩን ብቻ አይደለም፤ ፖስታውን እንዳለ፣ ከነአድራሻው ከነማህተሙ። እኔ ልጅ ሆኜ ቴምብር በሳፋ ውሃ እየዘፈዘፍኩ፣ አላቅቄ ደብተር ላይ እለጥፍ ነበር። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል አዩኝና፣ እንደ ዶሮ ላባ ትነጪዋለሽ እንዴ ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ቤታቸው አስገብተው አስተማሩኝ። የትኛው ማህተም የመነሻ፣ የትኛው የመድረሻ እንደሆነ፤ ቴምብር ሳይፈጠር ሰው ደብዳቤውን አጣጥፎ ጀርባው ላይ አድራሻ እየጻፈ እንዴት ይልክ እንደነበር፤ የስኳር ነጋዴ ለንደን ላለ ሸሪኩ የላከው በየትኛው መርከብ እንደሄደ። ሩትን ይህ ሁሉ ያሰለቻት ነበር። እኔን ግን ያዘኝ። ታይፒስት ሆኜ ሥራ ከገባሁ በኋላ እንኳን፣ ከፌርማታው ስወርድ ከቤቴ በፊት የምገባው እሳቸው ዘንድ ነበር።

ከሁሉም ያሳበደችኝ አንዲት ነበረች። ሚስተር አለን በወጣትነታቸው ለሥራ ከደሴቷ ሲወጡ፣ እናታቸው ቄሱን አስጽፈው ልጃቸው እዚያ መወለዱንና መጠመቁን የሚያስረዳ ወረቀት ላኩላቸው። ደሃ ነበሩና ፖስታ አልገዙም። ወረቀቱን ራሱን ለአራት አጥፈው አሸጉና ጀርባው ላይ አድራሻ ጻፉ። በዚያ ሰሞን የፖስታ ቤቱ ርካሽ ቴምብር አልቆ ኖሮ፣ ባለ ሁለት ፔኒውን በመቀስ ለሁለት ቆርጠው ግማሹን ለጠፉበት። ማህተሙ ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ አርፏል። ማንም በኋላ አምጥቶ እንዳልለጠፈው በዚያ ይታወቃል። ሚስተር አለን እሷን ሲያሳዩኝ እጄን ያስታጥቡኝ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የምስክር ወረቀቱና ፖስታው አንድ ነው። አንዱን ሰጥቶ ሌላውን ማስቀረት አይቻልም።

ከዚያ የደርግ አሰሳ ዓመት መጣ። ያን ዓመት ኮልፌ ውስጥ ወረቀት የሌለው ሰው ነበር ሀብታም። ቤት ለቤት ይፈተሻል፤ በፈረንጅ ቋንቋ የተጻፈ ነገር ከተገኘ ያስጠይቃል፤ ተጠይቆ የተወሰደ ሁሉ ደግሞ አይመለስም። ሰው መጽሐፉን፣ ደብዳቤውን፣ ፎቶግራፉን አቃጠለ። ማቃጠሉም ቢሆን ቀላል አልነበረም፤ በጠራራ ፀሐይ ከግቢው ጢስ የታየ ሰው ምን ደብቀህ ነው ይባላል። ከእኛ ማጀት ግን ጢስ ጠፍቶ አያውቅም፤ እናቴ አሻሮ ታምሳለች፣ ድፍድፍ ትጥላለች። ወንድሜ ደግሞ አብዮት ጠባቂ ስለነበር የእኛን ደጅ ደፍሮ የሚረግጥ አልነበረም። ስለዚህ የመንደሩ ወረቀት በዘንቢል፣ በነጠላ ሥር እየሆነ ወደ እኛ ማጀት መጣ። የስንቱን አቃጠልኩት።

ሚስተር አለንም አንድ ቀን በቀትር ፖስታዎቻቸውን የሞሉበትን ካርቶን በጋቢ ጠቅልለው መጡ። እናቴ ገበያ ወጥታለች። ካርቶኑን ከፍተው ያችን ወረቀት ከላይ አደረጓት፣ በጣታቸውም አሳዩኝ።

«ጽጌ፣ ሁሉንም አቃጥይው። የሩትን ግን አውጪልኝ።»

የሩት ያሏት በምክንያት ነው። የሩት የትምህርት ቤት ጓደኞች አንድ በአንድ እየተወሰዱ ነበር፤ ተራዋ እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። የእንግሊዝ ኤምባሲ አባትሽ እዚያች ደሴት መወለዱን የሚያሳይ ነገር ካመጣሽ መውጫ ሰነድ እንሰጥሻለን ብሏታል። የሚስተር አለን ፓስፖርት በጣሊያን ጊዜ ጠፍቷል። ያቺ ባለ ግማሽ ቴምብር ወረቀት ብቻ ነበረች የቀረቻቸው። እሳቸው ዘንድ ብትቆይ በፍተሻው እንዳትያዝ ፈሩ፤ አሰሳው እስኪያልፍ እኔ ጋ ትቆይልኝ አሉ። ይህን ሁሉ ነግረውኛል። አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም፤ አልልምም።

አላቃጠልኩም። ከካርቶናቸው አንዷንም አላቃጠልኩም። የጌሾውን ማዳበሪያ ገልብጬ ካርቶኑን ከታች አደረግኩ፣ ጌሾውን መለስኩበት። እስከዚህ ድረስ ብትሰድቡኝ ግድ የለኝም። የመቶ ዓመት ፖስታ በአሻሮ እሳት ይንደድ የምትሉ እናንተ ናችሁ ጥፋተኞቹ። ዛሬም ቢሆን ያን ካርቶን እደብቀዋለሁ። አሰሳው አልፎ በሦስተኛው ቀን ሚስተር አለን መጥተው ሁሉም ነደደ ወይ ሲሉኝ አዎ አልኩ። የሩትስ አሉኝ። ተሰጥቶኝ የነበረው ጊዜ ያ ነው። እጄን ወደ ማዳበሪያው ሰድጄ አውጥቼ እንኩ ማለት ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ የታየኝ ሩት አይደለችም። ከዚያች ቀን በኋላ ያችን ግማሽ ቴምብር እንደማላያት ነበር የታየኝ። አብራ እሳት ገባች አልኳቸው። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም።

መደቡ ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡም። ሩት ስትፈልጋቸው እዚያው መጣች፤ አባዬ ወረቀቴን ተቀበልካት ወይ አለቻቸው። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ስሜ እስኪጠራ ጠበቅኩ።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አሏት። «ሳልለያት ረስቼ አብሬ ሰጠኋት። ጽጌን እንዳትናገሪያት።»

ለምን እንዲህ አሉ? ወድደውኝ ነው? ወይስ ወንድሜን ፈርተው? ልጃቸው በንዴት አንድ ቃል ብትሰነዝርብኝ እኔ ለወንድሜ ሄጄ እንደምናገር ጠርጥረው ይሆን? ወርቅ ላበደረ ጠጠር መለስኩ፤ እሳቸው ግን ጠጠሩን ተቀብለው ከልጃቸው ፊት ሸሸጉልኝ። እኔም አይ፣ እሳቸው አይደሉም ማለት ስችል ዝም አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ወር ሳይሞላ ሩትን ወሰዷት። ወንድሜን እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት፤ ከእጄ ወጥቷል አለኝ። ከሰባት ወር በኋላ ወጣች። ውስጥ እግሯን ተገርፋ ስለነበር እስካሁን ረጅም መንገድ መሄድ አትችልም። ከወጣችበት ቀን ጀምሮ ለአባቷ ቃል አልተነፈሰችም። ልብሳቸውን ታጥባለች፣ ምግባቸውን ታቀርባለች፣ ሲታመሙ ታስታምማቸዋለች፤ አንድ ቃል ግን የለም። ሽማግሌ ተላከባት። ከአስታራቂዎቹ አንዷ ማን እንደነበረች ታውቃላችሁ? እኔ ነበርኩ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀምጬ፣ አባት እኮ ነው ሩትዬ፣ ሰው ይረሳል አልኳት። እሷም ቀና ብላ፣ ነፍሴን ከወረቀት ጋር እሳት ውስጥ ጥሎ ረሳሁ ይለኛል አለችኝ። ይህንንም ሰምቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ፣ እራቴንም በላሁ።

አንድ ነገር አለ፤ እሱን ሳስበው እስካሁን ጆሮዬ ይግላል። ሚስተር አለን የነደዱ ፖስታዎቻቸው ትዝታ እንኳን እንዳይጠፋ ብለው፣ አንድ በአንድ በቃላቸው እየነገሩኝ በታይፕ እመታላቸው ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስለ አንዱ የስኳር ነጋዴ ፖስታ ሲነግሩኝ የመድረሻ ማህተሙ የመጋቢት ነው አሉ። እኔ ፖስታውን በዋዜማው ከጌሾው ውስጥ አውጥቼ ሳየው ነበርና፣ ሳላስበው የየካቲት ነው አልኩ። ጣቴ ታይፑ ላይ ቀረ። ሚስተር አለን መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ዓይንሽ ጎበዝ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጻፊልኝ ብለውኝ አያውቁም። አወቁ? እኔ አወቁ ነው የምለው። አውቀው ለሩት ለምን አልነገሯትም? ያን ጊዜ ብትሰማ ምን እንደምታደርግ፣ እኔስ ምን እንደማደርግ ስለማያውቁ ይመስለኛል። ወይም እኔው ራሴ እስክናገር ጠበቁኝ። ደርግ ሳይወድቅ ሞቱ። ሩት ዓይኗ ሳይረጥብ ቀበረቻቸው፤ እድርተኛው ምን ዓይነት ድንጋይ ናት ሲል፣ ግማሹ ደግሞ ልጁን ለወረቀት የሸጠ አባት ምን ይለቀስለታል አለ። እኔ ግን ደረቴን መታሁ፤ ድምፄ እስኪዘጋ አለቀስኩ። የዚያን ዕለት ለቅሶዬ እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑ ግን ምንም አያስተካክልም።

ታዲያ በታዘዝኩት መሠረት ሁሉንም ባቃጥል ይሻል ነበር የምትሉኝ ካላችሁ፣ አይሻልም እላችኋለሁ። ስለ ሌሎቹ ፖስታዎች ማንም ፊት አንገቴን አልደፋም። ዘመኑ ክፉ ነበር፣ ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር የሚለውን ግን ለሌላ ሰው ያዙት። አልፈራሁም። አብዮት ጠባቂ ወንድም ያላት ሴት ምን ያስፈራታል? አንዲት ወረቀት ወደድኩ፣ ከጓደኛዬ ነፍስ አስበለጥኳት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሩት፣ ይህ ለአንቺ ነው። ነገ ጠዋት ካርቶኑን ይዤ አሁን ወዳለሽበት ዓለም ባንክ ሰፈር እመጣለሁ። በርሽን ብትዘጊብኝ ደጅሽ ላይ አስቀምጬው እመለሳለሁ። ከሁሉ በላይ ያለችው ያንቺ ናት፤ እንደነበረች ናት። አሁን የትም አታደርስሽም፤ እኔም ይቅር በይኝ ብዬ ሁለተኛ ሸክም አልጭንብሽም፤ ይቅርታ የሚገባው ሰው እኔ አይደለሁም። አባትሽ አልረሱሽም። የሩትን አውጪልኝ ብለው በጣታቸው አሳይተው ሰጥተውኛል፤ የረሳሁት እኔ ነኝ ያሉሽ እኔን ሊሸፍኑ ነው። እኔን ጥዪኝ። ለአባትሽ ግን አልቅሺላቸው።