ነፍሰ ጡር ካለች አስቀድም

ባለፈው ሳምንት ቦሌ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ፣ «በአማርኛ ኮድ ይጻፋል ቢሉሽ ታምኛለሽ?» አለኝ። «ከሆነ»፣ «ካልሆነ»፣ «ድገም» የሚሉ ቃላት ተደርድረዋል። ጆሮዬ ጋለ። አሥረኛ ክፍል ሆኜ ጽፌበታለሁ ብዬ እንዴት ልንገረው? «ይገርማል» ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ላንቺ ግን ልንገርሽ።

ያኔ የምንኖረው ላምበረት ነበር። ነፍሱን ይማረውና አባቴ የታክሲ ተራ አስከባሪ ነበር። ወደ ቤት ሲገባ ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ሲጮህ ስለሚውል ድምፁም ይሻክራል። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሯል፤ እንግሊዝኛ ግን ከነጭራሹ አያውቅም። እኔ ደግሞ ሲኤምሲ፣ ባለመኪና ልጆች መሀል፣ በነጻ የትምህርት ዕድል እማር ነበር። ከትምህርት ቤት በተዋስኩት አሮጌ ላፕቶፕ የእንግሊዝኛ ትእዛዞችን በአማርኛ የሚተካ ትንሽ ፕሮግራም ሠራሁና፣ የአባቴን ሥራ በእሱ መጻፍ ጀመርኩ።

አባቴ እግሩን ታጥቦ አጠገቤ ይቀመጥና ጮክ ብሎ ያነባል። «ተራው ደርሶ ከሆነ አሳፍር። ካልሆነ ጠብቅ።» ከዚያ ይስቃል። «ይሄስ ከወያላዎቹ ይሻላል፤ ጠብቅ ሲሉት ይጠብቃል!» አንድ ቀን ግን ኮስተር አለ። «የጎደለ ነገር አለ። ነፍሰ ጡር ካለች አስቀድም በይ። እኔ ነፍሰ ጡር ሰልፍ ላይ አላቆምም።» ጻፍኩለት። ያቺን መስመር በየቀኑ እየመጣ ያነባት ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽሽም።

የትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን ቀን ወላጆች ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው፣ አንዲት የክፍሌ ልጅ ስክሪኔን አየችና «ኦ ማይ ጋድ፣ የታክሲ ታፔላ ነው እንዴ?» አለች። ሌሎቹ ሳቁ። ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ ለጨዋታ ነው ያለችው። እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ትእዛዞቹን በአንድ ቁልፍ ወደ እንግሊዝኛ መለስኳቸው። የቀሩትን የአባቴን ቃላት በእጄ እየደለዝኩ ቀየርኳቸው። ከላይ ስሜን በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ የእኔን ብቻ።

አባቴ የክት ኮቱን ለብሶ፣ ሁለት የሥራ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። ሁለቱም ፊደል አልቆጠሩም፤ ጫማቸውን ግን አስጠርገዋል። አባቴ ስክሪኑ ፊት ቆሞ ዓይኑን ከላይ እስከ ታች፣ እንደገና ከታች እስከ ላይ አመላለሰ። እኔ ወለሉን አያለሁ።

«የታለ ያንተ ቃል?» አለው አንደኛው።

አባቴ ጣቱን ቀስ ብሎ አነሳና አንድ መስመር ላይ አሳረፈው። «ይኸውላችሁ። ነፍሰ ጡር ካለች አስቀድም ይላል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አይደል ልጄ?»

ጣቱ ያረፈው ስሜ ላይ ነበር።

«አዎ አባዬ» አልኩት።

ጓደኞቹ «አንተ ሰውዬ፣ ታድለሃል!» እያሉ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ጓደኞቹ ቀደም ሲሉ አባቴ ወደ ኋላ ቀረና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«አይዞሽ» አለኝ፣ «አልነገርኳቸውም።»