የመሪጌታው ክንድ

ወጌሻነትን ስማር የአንድ ወቅት የሰሊጥ ንግድ አምልጦኛል። አልቆጭም፤ ሰሊጥ በየዓመቱ ይበቅላል።

የመጀመሪያዋ ቀን ሳላስባት መጣች። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ከመካነ ብርሃን ገብስ ጭነን ስንወርድ ከጫኞቼ አንዱ ተንሸራቶ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። የአካባቢው ወጌሻ አያ ተገኘ ተጠሩ። ቁርጭምጭሚቱን አስያዙኝና፣ «ሳብ! እንደ ገበያ በቅሎ አትጎትተው፤ ቀስ ብለህ፣ ሳትለቅ» አሉኝ። ሳብኩ። አጥንቱ ቦታው ሲገባ በእጄ ተሰማኝ።

አያ ተገኘ ቀና ብለው አዩኝ። «ለነጋዴ ሸጋ እጅ አለህ። ምነው ሚዛን ላይ ታባክነዋለህ?»

እሳቸው ዘንድ ከረምኩ። ከሁሉ በፊት ያስተማሩኝ ማየትን ነው። የተጎዳውን ከደህናው ጎን አስተያይ። ካጠረ፣ ከጎበጠ፣ ሲነካ ከውስጥ ከተንኮሻኮሸ ተሰብሯል፤ አትሸው። አጥንቱ ቆዳ በስቶ ከወጣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነህ ሐኪም ቤት ስደድ። ሌላውን አቃንተህ፣ ባዘቶ አልብሰህ፣ በቀርከሃ ፍልጥ ደግፈህ እሰር። ጣቶቹን አትሸፍን።

ችግሩ አገሬው ነው። ለአገሬው ጥሩ ወጌሻ ማለት ጥርቅም አድርጎ የሚያስር ነው። በሽተኛው ካልጮኸ የተታለለ ይመስለዋል።

ራሴን ችዬ መሥራት ከጀመርኩ በኋላ ከጎንደር ወጣ ባለ ደብር አንድ መሪጌታ ከበቅሎ ወድቀው ቀኝ ክንዳቸው ተሰበረ። አሰርኩላቸው፤ ጣቶቻቸውን አንቀሳቅሰው አሳዩኝ፤ ሄድኩ። በማግስቱ ስመለስ ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል፤ ሲነኩ ይቀዘቅዛሉ።

«ማን ነካው?»

የሚስታቸው ወንድም ደረቱን ነፋ። «እኔ ነኛ! አንተ ያላላኸውን አጠበቅሁልህ። ልታመሰግነኝ ይገባ ነበር።»

ቢላዬን አውጥቼ እስሩን ከዳር እስከ ዳር ቀደድኩት። እጄን ያዘኝ። «ምነው! አጥንቱን ልትበትነው ነው?»

«አጥንቱ ይቆየናል። ሥጋው ነው የሚሞተው፤ ልቀቀኝ!»

ጥቂት ጠበቅሁ። ጣቶቹ ለመሞቅ ሞቁ፤ ሕመሙ ግን ባሰ። ክንዱ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሯል። አንዷን ጣት ቀና ባደርጋት መሪጌታ ጮኹ። ይህ ከወጌሻ እጅ በላይ ነው።

«መሪጌታ፣ አሁኑኑ ጎንደር ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ይቆርጡታል! ከዚያስ በምን ልጽፍ? መቋሚያውንስ በምን ልይዝ?»

«እዚህ ከቆዩ በእርግጥ ይቆረጣል። ዛሬ ከደረስን ሊተርፍ ይችላል።»

«ቢቆርጡትስ?» አለ የሚስት ወንድም።

«ይቺ በቅሎዬ ያንተ ናት።»

በቅሎዋን ዞሮ አያት። ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን መረመረ። «እሺ፣ ይሂዱ» አለ። ለእህቱ ባል አስቦ ይሁን ለበቅሎዋ፣ አልጠየቅሁትም።

ሐኪሙ የተወጠረውን ክንድ በቁመቱ ሰንጥቆ እብጠቱን አስተነፈሰው። አልቆረጠውም። ቁስሉ ለመዳን ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ መሪጌታ ግን ብዕር ያዙ።

እኔም ከዚያ ወዲህ ሰው ባሰርኩ ቁጥር ቤተሰቡን ሰብስቤ ጣቱን አሳያለሁ። ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ ከባሰ እስሩን ፈትታችሁ ወዲያው ሐኪም ቤት አድርሱት፤ ማንም እንዳያጠብቀው እላለሁ።

የመሪጌታ ሒሳብ እንዲህ ተዘጋ፦ ክንዱ ተርፏል፤ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ እስከ ዛሬ አይዘረጉም።